ሲቆም የላላ፣ ሲዞር የጠበቀ፦ የተርባይን ብሌድ በዲስኩ ላይ እንዴት ይያዛል?

ቃሊቲ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የከባድ መኪና ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ለብዙ ዓመታት ብረታ ብረት ሥራ ካስተማርኩበት የሙያ ትምህርት ቤት በጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የወርክሾፕ ናፍቆቴን የምወጣው እዚያ ነው። በቅርቡ አንድ ጠዋት ስደርስ የአንድ ተሳቢ መኪና ቱርቦ ተፈትቶ በዘይት በራሰ ጋዜጣ ላይ ተዘርግቷል። ረዳቱ ወጣት በጭሱ በኩል ያለውን መንኮራኩር፣ ማለትም ጭሱ የሚያዞረውን ተርባይን፣ በናፍጣ አጥቦ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ብሌዶቹን አንድ በአንድ ያያል። ምላጭ ወይም ክንፍ የሚሏቸውም አሉ፤ እኔ በጋራዡ ቃል እቀጥላለሁ።

“ጋሼ፣ እነዚህን በምንድን ነው የያዟቸው? ብየዳ አይታይም፣ ብሎንም የለም” አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አይታይም፤ ምክንያቱም የተያዘ ነገር የለም። የቱርቦው መንኮራኩር ከነብሌዶቹ ከኒኬል ቅይጥ በአንድ ጊዜ ቀልጦ የተቀረጸ አንድ አካል ነው። ብየዳ ያለው መንኮራኩሩ ከብረት ዘንጉ ጋር በተገናኘበት ቦታ ብቻ ነው፤ እርሱም ስለሚስተካከል ዓይን አይለየውም። ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ እርካታ አላየሁም። “የአውሮፕላን ሞተርስ? እርሱም አንድ ወጥ ነው?” አለኝ። አይደለም። እዚያ አብዛኞቹ ብሌዶች ለየብቻ ተሠርተው አንድ በአንድ የሚሰኩ ናቸው። በምን ተይዘው ሳይወረወሩ እንደሚሠሩ ማስረዳት ከአንድ ሻይ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። እነሆ ያልነገርኩትንም ጨምሬ ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንጭፍ ነው። ማሳ እየጠበቀ ያደገ ሰው ያውቀዋል። ወንጭፉን ሲያዞሩት ገመዱ እጅን ይጎትታል፤ ባፈጠኑት ቁጥር ጉተታው ይብሳል። ድንጋዩ በራሱ ፈቃድ ክብ አይዞርም። ቀጥ ብሎ መሄድ የሚፈልገውን ድንጋይ በየቅጽበቱ ወደ መሀል እየመለሰ ክብ የሚያስዞረው በገመዱ በኩል የሚጎትተው እጅ ነው፤ ገመዱ ሲለቀቅ ድንጋዩ መንገዱን ይሄዳል። በተርባይን ውስጥ ድንጋዩ ብሌዱ ነው፣ እጁ ብሌዶቹ ዙሪያውን የሚሰኩበት ክብ ብረት፣ ዲስኩ ነው፤ የገመዱን ሥራ የሚሠራው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጽሑፉ በሙሉ ስለዚያ ገመድ ነው።

ጉተታውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የብሌዱ ክብደት፣ ከመዞሪያው መሀል ያለው ርቀትና ፍጥነቱ። ክብደቱ ወይም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታውም እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉተታው አራት እጥፍ ነው። አስቸጋሪው ይህ ነው።

በቁጥር እንየው። በልጁ እጅ ያለው መንኮራኩር አንዱ ብሌድ 3 ግራም ይመዝናል እንበል፤ ክብደቱም ከመሀል በ3 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። የከባድ መኪና ቱርቦ በደቂቃ 100,000 ዙር ገደማ ሊዞር ይችላል። ሒሳቡ ሲሠራ ያቺ 3 ግራም የምትጎትተው 1,000 ኪሎ ግራም ያህል፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። በጄት ሞተር ተርባይን ውስጥ ደግሞ 200 ግራም የሚመዝን ብሌድ ከመሀል በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በደቂቃ 12,000 ዙር ሲዞር ጉተታው ከ9 ቶን ተኩል ያልፋል። በእጅ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ቁራጭ ብረት 96 ኩንታል ጤፍ እንደተንጠለጠለበት ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ከፊት ለፊት የሚታየው ትልቁ ማራገቢያ፣ ፋኑ፣ በዝግታ ነው የሚዞረው፤ ብሌዱ ግን ከባድና ረጅም ነው። 5 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ክብደቱ ከመሀል በ45 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና በደቂቃ 5,000 ዙር ቢዞር ጉተታው ከ60 ቶን በላይ ይሆናል። ከነተሳቢው ሙሉ ጭነት ይዞ ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና በአንዲት ብሌድ ሥር ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጠሩት። በሞተሩ ዙሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ብሌድ ሃያም ከዚያ በላይም አለ።

ይህን ሁሉ ሸክም ብሎን አይችለውም። የብሎን ጥርስ ቀጭን ነው፤ ቀዳዳው ራሱ ዲስኩን ያደክማል። ብየዳስ? ልጁም ጠይቆኛል። በሞቃታማው ተርባይን ብሌዱና ዲስኩ አንድ ዓይነት ብረት አይደሉም። ብሌዱ ሙቀት እንዲችል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ክሪስታል ብቻ እንዲያድግ ተደርጎ የሚቀረጽ የኒኬል ቅይጥ ነው። ዲስኩ ደግሞ ጉተታ እንዲችል ተቀጥቅጦ የሚሠራ ሌላ ቅይጥ ነው። ቢበየዱ የሁለቱም ጠባይ በብየዳው መስመር ላይ ይበላሻል። አንድ ብሌድ ሲጎዳ ነቅሎ መተካትም አይቻልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን በብሌዱ ላይ የጀመረ ስንጥቅ ያለ አንዳች ድንበር ወደ ዲስኩ መግባቱ ነው። የተሰካ ብሌድ ላይ ስንጥቁ ከብሌዱ ጠርዝ ሲደርስ ያበቃል።

መፍትሔው ከእንጨት ሠራተኞች ሙያ የተገኘ ነው። ጥሩ አናጺ መሳቢያ ሲገጥም የአንዱን ሳንቃ ጫፍ ከሥሩ ጠበብ፣ ወደ ጫፉ ሰፋ አድርጎ ይቀርጸዋል፤ በሌላው ሳንቃ ላይ ደግሞ ለዚያው ቅርጽ የሚስማማ ቦታ ይቆርጣል። በጎን ይገባል፤ ሲስቡት ግን አይወጣም። ዶቭቴይል ይሉታል፤ የርግብ ጭራ ማለት ነው፣ ቅርጹም የተከፈተ የርግብ ጭራ ይመስላል። የጄት ሞተር ፋንና የኮምፕረሰሩ (አየሩን የሚያምቀው ክፍል) የፊት ረድፎች ብሌዶች በአብዛኛው የተያዙት በዚህ ነው። የብሌዱ ሥር ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው። በዲስኩ ዙሪያም እንደዚያው ከውስጥ ሰፊ፣ ከአፉ ጠባብ የሆኑ ቦዮች ተቆርጠዋል። ብሌዱ እንደ መሳቢያ ከፊት ወደ ኋላ ይገባል። ሞተሩ ሲዞር ወደ ውጭ ልሂድ ይላል፤ ሁለቱ ተዳፋት ትከሻዎቹ ከቦዩ ተዳፋት ግድግዳዎች ጋር ይገናኛሉ። ይበልጥ በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ሊያስወጣው የመጣው ኃይል ራሱ ቆላፊው ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያምነው ነገር አለ፤ ተማሪዎቼም ያላመኑት ነበር። ሞተሩ ሲቆም ብሌዱ ላላ ያለ ነው። ፋኑን ቀርባችሁ አንዱን ብሌድ በእጃችሁ ብታወዛውዙት ትንሽ ይነቃነቃል። በአውሮፕላን ማረፊያ ደረጃውን ስትወጡ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነፋስ ፋኑን በቀስታ ሲያዞረው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። ያ የተፈታ ብሎን አይደለም። እያንዳንዱ ብሌድ ከላይ ሲደርስ በክብደቱ ወደ ቦዩ ወለል ይወርዳል፤ ወደ ታች ሲዞር ደግሞ ወደ ቦዩ አፍ ይመለሳል። ድምፁ የዚያ ነው። ሞተሩ ሲነሣና ጉተታው ሲያይል ሁሉም ትከሻቸውን ደግፈው ይቆማሉ፤ ድምፁም ይጠፋል።

ልልነቱ ታስቦበት የተደረገ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፤ ብሌዱና ዲስኩ እኩል አይሞቁም፣ እኩልም አይሰፉም፤ ክፍተት ባይኖር አንዱ ሌላውን ይሰነጥቀዋል። እያንዳንዱ ብሌድ ጉተታው ሲመጣ የራሱን ትክክለኛ መቀመጫ ፈልጎ ማረፍም አለበት፤ ተጨንቆ የተሰካ ብሌድ ትንሽ ካዘመመ እንዳዘመመ ይቀራል፤ ማዘመሙም ሥሩን ያጎብጠዋል። ሌላም አለ፦ ትከሻው ከግድግዳው ጋር በጥቂቱ ሲፋተግ የብሌዱን ንዝረት ይበላዋል። ከአንድ ወጥ ብረት የተሠራ ብሌድ እንደ ደወል ረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ የተሰካው ግን ቶሎ ይረጋል።

አሁን ወደ ሞቃታማው ክፍል እንግባ፤ ከሁሉ የምወደው ቅርጽ ያለው እዚያ ነው።

በተርባይኑ ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ብሌዱ የተሠራበት ቅይጥ ከሚቀልጥበት ሙቀት በላይ ሊሆን ይችላል፤ ብሌዱ የሚተርፈው በውስጡ በሚያልፍ ማቀዝቀዣ አየር ነው። አየሩም የሚገባው ብዙ ጊዜ በብሌዱ ሥር በኩል ነው። እዚህ አንድ የርግብ ጭራ ብቻውን አይበቃም። በዲስኩ ዙሪያ ብሌዶቹ ብዙ ናቸው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ብረቱም በሙቀቱ ከጉልበቱ ጎድሏል። ስለዚህ ሥሩ የጥድ ቅርጽ ይሰጠዋል። በየግቢው አጥር ላይ የምናየውን የፈረንጅ ጥድ ወይም የገና ዛፍን ዘቅዝቃችሁ አስቡት፦ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ በሁለቱም ጎን ጥርስ ጥርስ ያለው። እንደ ሞተሩ ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ የበለጠ ጥንድ ጥርስ ይኖረዋል። የዲስኩ ቦይ የዚሁ ግልባጭ ነው።

ለምን ወደ ታች ይጠብባል? ይህን ለልጁ በዘይት በተነከረ ጣቴ ጋዜጣው ላይ ሥዬ ነው ያሳየሁት። ብሌዱ 96 ኩንታል ይጎትታል፣ ሥሩም ሦስት ጥንድ ጥርስ አለው እንበል። ከመጀመሪያው ጥርስ በላይ ያለው አንገት 96ቱንም ይሸከማል፤ ስለዚህ ሰፊ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ጥንድ ጥርስ 32 ኩንታል ለዲስኩ ያስረክባል፤ ከእርሱ በታች ያለው አንገት የሚሸከመው 64 ብቻ ስለሆነ ቢጠብ አይጎዳም። ሁለተኛው ጥንድ ሌላ 32 ያስረክባል፤ የመጨረሻው አንገት 32 ብቻ ይዞ ይበልጥ ይቀጥናል። አሁን በሁለት ቦዮች መካከል የቀረውን የዲስኩን ብረት ተመልከቱ። እርሱ ተቃራኒው ነው፦ ከላይ 32 ብቻ ተረክቧል፣ ዝቅ ሲል 64፣ ከዚያ 96። የብሌዱ ሥር እየጠበበ በሄደ ቁጥር የዲስኩ ምሰሶ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚሰፋውም ሸክሙ በሚበዛበት አቅጣጫ ነው። አንዱ የሚያራግፈውን ሌላው ይቀበላል፤ የሚባክን ብረት የለም። ቅርጹ ለውበት የተሣለ አይደለም፣ ግን ያምራል። ሠላሳ ዓመት ካስተማርኩ በኋላም ስሥለው ደስ ይለኛል።

የሚያስከፍለው ግን ብዙ ነው። “32፣ 32፣ 32” ብዬ እኩል ያካፈልኩት በወረቀት ላይ ነው። በተግባር የላይኛው ጥርስ ከሌሎቹ ትንሽ ቀድሞ ከነካ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል፤ የታችኞቹ ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የጥርሶቹ መዛነፍ ከሰው ጠጉር ውፍረት ያነሰ መሆን አለበት። የዲስኩ ቦዮች የሚቆረጡት ብሮች በሚባል ረጅም መቁረጫ ነው፤ መቁረጫው በርዝመቱ ላይ ጥርስ በጥርስ የተደረደረበት ሲሆን እያንዳንዱ ጥርስ ከፊተኛው በጥቂቱ ከፍ ያለ ነው፤ በቦዩ ውስጥ ሲሳብ በየጥርሱ ጥቂት ጥቂት እየላጠ ያልፋል። የብሌዱ ሥር ደግሞ በድንጋይ ይሞረዳል። በየጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ ክብ መሆን አለበት፤ ሹል ማዕዘን ስንጥቅ የሚወለድበት ቦታ ነው። ተማሪ ሳስተምር ከሁሉ በላይ የምቆጣው በሹል ማዕዘን ነበር።

የጥዱ ቅርጽ ከመጀመሪያው አልነበረም። በቀደሙት የእንፋሎት ተርባይኖች አንዳንዶቹ ብሌዶች ሥራቸው እንደ አምፖል ክብ ነበር፤ ክብ ራስ፣ ቀጭን አንገት። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል የጄት ሞተሩን መሞከር ሲጀምር የተጠቀመው ይህንኑ ሥር ነበር። በዚያ ፍጥነትና ሙቀት ግን አልቻለም፤ ቡድኑ ወደ ጥድ ቅርጽ ተሻገረ። የዊትል ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው ግንቦት 7 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማስታውሰው ከእኛ ታሪክ ጋር ስለሚገጥም ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ከገቡ 10 ቀን ሆኗቸው ነበር።

ሁሉም ብሌድ ግን ከፊት ወደ ኋላ አይገባም። በኮምፕረሰሩ የኋላ ረድፎች ብሌዶቹ የጣት ጥፍር የሚያህሉ፣ ቁጥራቸውም እጅግ የበዛ ነው። ለእያንዳንዳቸው ቦይ መቁረጥ አድካሚ ስለሚሆን በዲስኩ ዙሪያ አንድ ክብ ቦይ ብቻ ይቆረጣል። ይህን ለመረዳት ቤታችሁ ያለውን የመጋረጃ ሐዲድ ተመልከቱ። ማንጠልጠያዎቹ ሁሉ በአንድ ክፍት ቦታ ይገባሉ፣ ተንሸራትተው ቦታቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ክፍቱ ቦታ ይዘጋል። ኮምፕረሰሩም እንደዚያው ነው፤ ከቦዩ አንድ ቦታ ላይ መግቢያ መስኮት አለ፣ ብሌዶቹ በዚያ ገብተው በዙሪያው ይደረደራሉ፤ በመጨረሻም ተመልሰው ወደ መስኮቱ እንዳይመጡ በመቆለፊያ ቁራጮች ይታሠራሉ። በእንፋሎት ተርባይኖችም ይህ ዘዴ የቆየ ነው። በመስኮቱ ላይ የሚቀመጠው የመጨረሻው ብሌድ ሥሩን የሚይዘው የቦይ ከንፈር ስለሌለው ብዙ ጊዜ በሚስማር ይታሠራል። ተርባይን ጠጋኞች ከሌሎቹ ይልቅ እርሱን የሚጠረጥሩት ለዚህ ነው።

ሚስማር ካነሣን አይቀር፣ በዚሁ በከተማው ዳር ወደ ገላንና ሰበታ ያሉ የከብት መኖ መፍጫዎችን ያየ ሰው ሌላውን ዘዴ ያውቀዋል። መዶሻ ወፍጮ ውስጥ ጠፍጣፋ ብረቶች በሚስማር ተንጠልጥለዋል። ወፍጮው ሲቆም ወደ ታች ተልፈስፍሰው ይወድቃሉ፤ ሲዞር ግን ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ይቆማሉ፤ እህሉን የሚፈጩትም ያኔ ነው። በትልልቅ የእንፋሎት ተርባይኖች መጨረሻ ረድፍ ላይ ያሉ ረጃጅም ብሌዶችም ብዙ ጊዜ በሚስማር ይያዛሉ፤ እነርሱ ግን አይወዛወዙም። ሥራቸው እንደ ሹካ ጣቶች ተከፍሎ በዲስኩ ላይ በተቆረጡ ቀጫጭን ክቦች መካከል ይገባል፤ ከዚያ በሁሉም ውስጥ የሚያልፍ ሚስማር ይመታበታል። የጣቶቹ ብዛት ሸክሙን ያካፍላል። ችግሩ ለጥገና ነው፤ ዓመታት የቆየን ሚስማር ማውጣት፣ ቀዳዳውን እንደገና ማስተካከል ትዕግሥት ይፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ የሚሠራው በእንፋሎት ተርባይን ነው። በዚያ በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ የማስበው የጭስ ማውጫውን ሳይሆን ከግድግዳው ወዲያ በየረድፉ የተሰኩትን ብሌዶች ነው። የግድብ ተርባይን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ በዝግታ ይዞራል፣ አይሞቅም፤ መንኮራኩሩ ብዙ ጊዜ አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል።

እስከ አሁን የተናገርኩት ወደ ውጭ ስለሚጎትተው ኃይል ነው። ብሌዱ እንደ መሳቢያ ከገባ ግን እንደ መሳቢያ ተንሸራትቶ ሊወጣም ይችላል። አየሩና ጋዙ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ንዝረትም ቀስ በቀስ ያንፏቅቀዋል። ይህ ግፊት ከጉተታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ የሚከለክለውም ትንሽ ነገር ነው፦ በሥሩ ጫፍ ላይ የምትታጠፍ ቀጭን የብረት ልሳን፣ በቦዩ አፍ የምትገባ መቆለፊያ ሳህን፣ ወይም በዲስኩ ጎን ዙሪያውን የሚዘጋ ቀለበት። በፋኑ ላይ ደግሞ ከብሌዱ ሥር በታች የሚገባ ማስገቢያ ቁራጭ አለ፤ ብሌዱን ወደ ውጭ ደግፎ ልልነቱን ይቀንሳል። ወደ ፊት እንዳይወጣ የሚያግደው ከፊት የሚገጠመው አካል ነው። እነዚህን ቁራጮች የሚንቅ መካኒክ አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ የታጠፈ የመቆለፊያ ልሳን ተቃንቶ ዳግም አይታጠፍም፤ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። ዋጋው ትንሽ መሆኑ ሥራው ትንሽ ነው ማለት አይደለም።

መገጣጠሚያው የሚታመመው እንዴት ነው? በፍትጊያና በድካም። ከላይ ንዝረትን ይበላል ብዬ ያመሰገንኩት ፍትጊያ ሌላ ፊት አለው። ትከሻና ግድግዳ በብዙ ቶን ተጫጭነው በጥቂቱ ሲንሸራተቱ ገጻቸው ይላላጣል፤ ከተላላጠው ቦታ ስንጥቅ ይጀምራል። ስለዚህ የፋን ብሌድ ትከሻ በለስላሳ የብረት ሽፋን ይሸፈናል፤ በላዩም ደረቅ ማለስለሻ ይቀባል፤ ማለስለሻው በተወሰነ የበረራ ቁጥር ይታደሳል። ድካሙ ደግሞ በበረራ ይቆጠራል። ሞተሩ ተነሥቶ እስኪቆም አንድ ጊዜ ተጎትቶ ይለቀቃል። ሽቦን ደጋግሞ በማጠፍ የሰበረ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ እጥፋቱ ለዓይን የማይታይ፣ ቁጥሩም በአሥር ሺዎች መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2018 ከኒው ዮርክ ወደ ዳላስ ይበር በነበረ የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 ላይ የደረሰው ይህ ነው። በግራው ሞተር ካሉት 24 የፋን ብሌዶች አንዱ ልክ በርግብ ጭራው ላይ ተሰበረ። ብሌዱ ከ32,000 በላይ በረራዎችን ሠርቶ ነበር። ምርመራው ያገኘው በድካም የተወለደ፣ ቀስ በቀስ ያደገ ስንጥቅ ነው። የሞተሩ ሽፋን ቁርጥራጮች መስኮት መትተው አንዲት ተሳፋሪ ሞተች፤ አውሮፕላኑ ፊላደልፊያ አረፈ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው አየር መንገድ፣ በዚያው የሞተር ዓይነት ተመሳሳይ ስብራት ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእነዚህ ብሌዶች ሥር በድምፅ ሞገድ እንዲፈተሽ፣ ማለስለሻውም ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ ተደረገ። ስንጥቁ የተወለደው ትከሻው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ብሌዱ ተነቅሎ ካልወጣ በስተቀር እዚያ ዓይን አይደርስም። እኔን የሚከብደኝም ይህ ነው፦ ብሌዱ በየቀኑ ሰው ፊት ይዞራል፣ የሚታመመው ግን የተሰወረው ሥሩ ነው።

ቢሆንም መሐንዲሶች ስብራት ቢመጣ ቅደም ተከተል እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ብሌዱ ይሰበር፣ ሥሩ ይትረፍ፤ ሥሩ ይሰበር፣ ዲስኩ ይትረፍ። ምክንያቱም የተወረወረ አንድ ብሌድ በሞተሩ ቅርፊት ሊያዝ ይችላል። አዲስ የሞተር ዓይነት ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በሙሉ ፍጥነት እየዞረ አንድ ብሌድ ሆን ተብሎ ይቆረጥና ቅርፊቱ መያዙ ይረጋገጣል። የተሰበረ ዲስክን ግን የሚይዝ ቅርፊት የለም፤ ቢሠራም ክብደቱ አውሮፕላኑን አያስነሣውም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 1989 በአሜሪካ ሱ ሲቲ በደረሰው አደጋ የተሰበረው የፋኑ ዲስክ ነበር። ስንጥቁ ቲታኒየሙ ሲቀልጥ በውስጡ ከቀረ እንከን የተነሣ ነው። ቁርጥራጮቹ የአውሮፕላኑን የሃይድሮሊክ መስመሮች፣ ማለትም መሪውን የሚያንቀሳቅሰው ዘይት የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች፣ ሁሉ ቆረጡ፤ ከ296 ሰዎች 112ቱ አለቁ።

በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ሞተሮች ኮምፕረሰር ላይ መገጣጠሚያውን ጭራሽ የማስቀረት መንገድም ተስፋፍቷል። ዲስኩና ብሌዶቹ ከአንድ ድልብ ብረት ተቀርጸው ይወጣሉ፣ ልክ እንደ ልጁ ቱርቦ። ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሚፋተግ ትከሻ አይኖርም። በምትኩ ንዝረቱን የሚበላለት አይኖርም፤ ወፍ ገብታ አንዱን ብሌድ ካጣመመች ደግሞ ነቅሎ መተካት የለም፤ እዚያው ይሞረዳል ወይም መንኮራኩሩ በሙሉ ይለወጣል። ለሞቃታማው ተርባይን ግን ጥዱ አሁንም በቦታው ነው፤ የሚያስለቅቀው ቶሎ የሚመጣ አይመስለኝም።

ልጁ በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ሚዛን ነበር። ለየብቻ የሚሰኩ ብሌዶች እኩል አይመዝኑም፤ የእያንዳንዱ ፋን ብሌድ ጉተታ ተለክቶ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ከባዱ በከባዱ ትይዩ እንዲውል ይደረደራል። አንዱ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ትይዩውም አብሮ ይለወጣል። በመዶሻ ወፍጮም እንዲሁ ነው፤ አንድ መዶሻ ተበልቶ ቀሎ ትይዩው አዲስ ከሆነ ወፍጮው ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። “የአንተም ቱርቦ ሚዛኑ የተስተካከለው ተገጣጥሞ ሳለ ነው፤ የአየሩን ጎን መንኮራኩር ከመፍታትህ በፊት ከዘንጉና ከጫፉ ብሎን ጋር የሚገናኝበትን መስመር ምልክት ማድረግ ነበረብህ” አልኩት። መንኮራኩሩን ገልብጦ አሳየኝ። ዘንጉ ጫፍ ላይ፣ ብሎኑ ላይና በአየሩ ጎን ባለው የአሉሚኒየም መንኮራኩር ላይ አንድ ቀጥተኛ ነጭ ቀለም ተሠምሯል፤ ከመፍታቱ በፊት ነው ያሠመረው።